ኅዳር 13፣ አውቶቡስ ተራ

አገር አቋራጭ አውቶቡስ በሌሊት እንዳይጓዝ ተከልክሎ ኖሯል። ክልከላው በቂ ምክንያት አለው፤ በጨለማ ገደል የገባውን፣ መንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ጋር የተላተመውን የሰማ ሰው አይቃወመውም። ነገር ግን ማንም ሳያስበው አብሮት የመጣ ጣጣ አለ። ሩቅ አገር የሚሄደው ሁሉ የቀኑን ብርሃን አሟጦ ለመጠቀም ሲል ጎህ ሲቀድ ለመውጣት ይዘጋጃል። የጎጃሙም፣ የወለጋውም፣ የሰላሌውም አውቶቡስ ሞተሩን የሚያስነሳው በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ። ያ ሰዓት ደግሞ አዲስ አበባ ከሁሉ ይልቅ የምትቀዘቅዝበት፣ ነፋሷም የሚተኛበት ነው።

መርካቶ ጥግ፣ አዲስ ከተማ ያለውን መናኸሪያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አውቶቡስ ተራ ብሎ ነው። ከፊሉ መስመር ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ላምበረትና ወደ አየር ጤና ከተዛወረ ወዲህም የንጋቱ ግርግር አልቀነሰም። እኔ የደረስኩት ኅዳር 13 ንጋት ላይ ነው፤ ፍቼ የዘመድ ሠልስት ነበረብኝ።

ማታውን ከተማዋ ስትታጠን አምሽታለች። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ሰፈርተኛው ቆሻሻውን ጠራርጎ በር ላይ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ልማዱ የሚተረከው በ1911 ዓ.ም. ከገባው ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲደርስ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። የኅዳር በሽታ ተባለ፤ ቆሻሻን አቃጥሎ በሽታን ማባረርም ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። ዛሬ የሚቃጠለው ግን ገለባና ቅጠል ብቻ አይደለም። ፌስታሉ አለ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ አለ፣ አሮጌው ጎማ አለ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች በየዓመቱ አታቃጥሉ እያሉ ይለምናሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሰፈራችን ልጆች ጎማ ሲያንከባልሉ ባየሁ ቁጥር እኔም እለምናለሁ።

ይሁን እንጂ የኅዳር 12 ጭስ በዓመት አንድ ቀን ነው። ይታያል፣ ይወራበታል፣ በሬዲዮ ይወገዛል። በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ገብቼ የቆምኩበት ጭስ በየንጋቱ ያለ ነው፤ ስገባ ስለ እሱ ሲነጋገር የሰማሁት ሰው ግን አልነበረም። ዓይኑን እያሸ፣ አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ፣ ወንበር ፍለጋ የሚሮጥ ብቻ።

በሩ ሲከፈት ሰልፉ ይፈርሳል። ማዳበሪያ የተሸከመው፣ ሻንጣ የሚጎትተው፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ወደየመስመሩ ይሮጣል። «ደብረ ማርቆስ! ደብረ ማርቆስ!» «ነቀምት፣ ሁለት ሰው የቀረው!» ረዳቶቹ ቆርቆሮውን በመዳፋቸው እየመቱ ይጣራሉ፤ ተሸካሚዎቹ ዕቃ በትከሻቸው አድርገው በመሰላሉ ወደ ፖርቶ መጋላው ይወጣሉ። አውቶቡሶቹ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ተሳፋሪው የሚሽሎከለከው በዚያ ነው፤ የጭስ ማውጫውም አፍ እዚያው ነው። ለአዋቂው ጭሱ ከጉልበቱ ሥር ይነሳና ወደ ፊቱ ይመጣል። እናቱ እጁን ይዛ የምታስሮጠው የአምስት ዓመት ልጅ ግን አፍንጫው ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው፤ በሩጫ ላይ ደግሞ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች በአጠገቤ አለፉ፤ አንደኛው እየሳለ ነበር።

አውቶቡሱ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ቢሄድ አንድ ነገር ነው። አይሄድም። ወንበሩ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ከሞላ በኋላ ዕቃ እስኪጫን፣ መውጫው እስኪለቀቅ ይጠብቃል። አንድ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ቆሞ እየሠራ በሰዓት ሁለትና ሦስት ሊትር ይጠጣል። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ኪሎ ሜትር ሳይነዳ የሚቃጠለው ናፍጣ ባለንብረቱን ያከስራል፣ ተሳፋሪውን ያስላል።

ከመናኸሪያው በር አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ሁለት ፔርሙዝ፣ አንድ ትሪ ብርጭቆ፣ በትሪው ላይ የተዘረጋ ነጭ ጨርቅ። ሻዩን ስትቀዳልኝ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው፤ ከላይ በኩል አመድማ ሆኗል፣ የታጠፈው ውስጡ ግን ገና ነጭ ነው።

«ትናንት ነው ያጠብኩት ወንድሜ» አለችኝ ዓይኔን ተከትላ። «የትናንቱ ማጠንት ነው እንዳትል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ጫፉን ይዤ በሁለት ጣቴ አሸሁት። ጥቁር ሆነ፤ የሚያሙለጨልጭ፣ ዘይት ዘይት የሚል ጥቁር። እሷ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። «የማገዶ ጥቀርሻ በውሃ ይለቃል። ይሄ ግን በኦሞም ታሽቶ አይለቅም።»

«እትዬ፣ አያስልሽም ታዲያ?»

«ክረምቱን ደህና ነኝ። የነቢያት ጾም ሲገባ ይጀምረኛል፤ እስከ ጥምቀት አይለቀኝም።» የነቢያት ጾም የሚገባው በሁለተኛው ቀን ነበር፤ ኅዳር 15።

የተናገረችው የአየሩን ሳይንስ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬቱ ሌሊቱን ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ይበርዳል። ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቅዞ ከባድ ይሆናል፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሆነው ሳይደባለቁ ያድራሉ። በዚያ ሰዓት የሚወጣ ጭስ መሄጃ የለውም። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው ክዳኑ የሚነሳው፤ እስከዚያ ግን አውቶቡሶቹ ወጥተው አልቀዋል፣ ጭሳቸውም ተተንፍሶ አልቋል።

ጭሱ ለምን ይህን ያህል እንደሚጠቁር መርካቶ ውስጥ ፖምፓና ኖዝል የሚሠሩ መካኒኮች አሳምረው ያውቁታል። የናፍጣ ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ እስኪግል ይጨመቃል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው በኖዝሉ ይረጭና ይቀጣጠላል። አየሩ በቂ ከሆነ፣ ርጭቱ ደቃቅ ከሆነ፣ ሞተሩም ከሞቀ ናፍጣው ይነድዳል። አውቶቡስ ተራ ላይ ሦስቱም ይጎድላሉ። ሞተሩ ሌሊቱን ብርድ ላይ አድሯል፤ ስለዚህ ሲነሳ ነጭ ጭስ፣ ሲረገጥ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኖዝሉ አርጅቶ ከመርጨት ይልቅ ያንጠባጥባል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። አየሩ ራሱም ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚያገኘው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ጤነኛ ተርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በመጠኑ ያካክሳል። ተርቦ የሌለው ወይም ተርቦው የደከመ አሮጌ ሞተር ግን በፖምፓ የተለካለትን ናፍጣ ሙሉ ተቀብሎ ሦስት አራተኛ አየር ይዞ ይቀራል። ያልነደደው ቀሪ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል።

በዓይን የሚታየው ጥቀርሻ አይደለም የሚገድለው። ገዳዩ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ብናኝ ነው፤ ውፍረቱ ከአንዲት ፀጉር ሠላሳኛ አይበልጥም። አፍንጫ አያግደውም፤ ከሳንባ ጥልቀት ይደርሳል፣ ከዚያም አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣን ጭስ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መደበው፤ ትንባሆና አስቤስቶስ ካሉበት ማለት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የብናኙን የዓመት አማካይ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም ወደ 5 አወረደው። አዲስ አበባ ከዚህ ጣሪያ ብዙ እጥፍ በላይ እንደምትተነፍስ የተለካ ነገር ነው። አሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በግቢው የሚለካውን በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሳይ ነበር፤ በመጋቢት 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚመጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። የራሳችንን አየር የምናነበው ሌላው ሲያነብልን ብቻ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። መለኪያ ሊቆምበት የሚገባው ቦታም ሰፊ ግቢና ዛፍ ያለው ኤምባሲ ሳይሆን ያቺ ሻይ ሻጭ የምትቀመጥበት በር ነው።

በዚህ ጭስ ምክንያት ማን እንደሞተ እኛ ዘንድ የሚጻፍ ነገር የለም። የሳንባ ምች፣ አስም፣ የልብ ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። ለንደን ውስጥ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብዙ መኪና ከሚመላለስበት አውራ ጎዳና አጠገብ ትኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአስም ሞተች። እናቷ ነገሩን ሳትተው ለዓመታት ከተከራከረች በኋላ በታኅሣሥ 2020 የአሟሟት መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን በውሳኔው አሰፈረ። በእንግሊዝ ታሪክ እንዲህ ያለ ውሳኔ የመጀመሪያው ነበር። አውቶቡስ ተራ ዙሪያ በቆርቆሮ ቤት አድጎ በሳል የሞተ ልጅ አልነበረም ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። ጉዳዩን የሚከፍትለት ግን አላገኘም።

አውቶቡሳችን አሮጌ ቅጥቅጥ ነው። ከመሃል ወንበር አገኘሁ፤ ከፊቴ ሕፃን የታቀፈች ወጣት፣ ከጎኔ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት። ሞተሩ ሲነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጭሱም ከጎናችን ከቆመው አውቶቡስ በተከፈተው በር ገባ።

«ልጄ፣ መስኮቱን ዝጊው፤ ብርድ ይመታዋል ሕፃኑን» አሉ አዛውንቱ።

«አባባ፣ ጭሱ ነው የሚያፍነው እኮ፤ ቢከፈት ይሻላል» አለች።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። የቆምነው ጭስ መሃል ስለሆነ መስኮቱን ብንከፍተው ተጨማሪ ጭስ ይገባል፤ ብንዘጋው የገባው አብሮን ይቀራል። ከግማሽ ሰዓት በላይ በዚህ ሁኔታ ቆየን። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ረዳት! ወይ ሂዱ ወይ አጥፉት!» ብሎ ጮኸ፤ ረዳቱ «ሦስት ሰው ነው የቀረን፣ ትንሽ ታገሱ ቤተሰብ» አለው። ተሳፋሪ ቅር የሚለው ወንበር ሲደረብበትና ታሪፍ ሲጨመርበት ነው፤ ለጭሱ ድምፁን ሲያነሳ የሰማሁት ይህን አንድ ሰው ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚያች እናት ነበር።

ስንወጣ ነግቷል። መናኸሪያው ፊት ለፊት የቀላል ባቡሩ ጣቢያ አለ፤ ስሙም አውቶቡስ ተራ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ተስፋ ያደረግንበት ባቡር ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው፣ ጉልበቱን ከውሃ ኃይል የሚያገኝ። ዛሬ በመለዋወጫ እጦት ከገባው ባቡር ብዙው ቆሟል፤ የሚሠራውም ጢም ብሎ ሞልቶ ያልፋል። ቢጠገንና ቢጨመርበት ከታክሲ ሰልፍ ስንቱን ያነሳ ነበር።

በአዲሱ ገበያ አድርገን እንጦጦን ስንወጣ አውቶቡሱ አቃሰተ። አናቱ 3,200 ሜትር ገደማ የሆነ ተራራ ነው፤ ስሱ አየር ይበልጥ ይሳሳል፣ ሾፌሩ ይበልጥ ይረግጣል፣ ጭሱም ይበልጥ ይጠቁራል። በኋላ መስኮት ሳይ ከእኛ ኋላ የሚመጣው ሚኒባስ በጭሳችን ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ ከተማዋ ወለል ብላ ታየች። ሰማዩ ከላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ከታች ግን መርካቶን፣ ልደታን፣ ጎተራን የሸፈነ ቡናማ ንጣፍ ተዘርግቷል፤ የላይኛው ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ፎቆቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ከሥር ያለውን ሰው አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ የመንገድ ጽዳት ሠራተኞች ይጠርጋሉ፣ ትራፊክ ፖሊሱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሟል።

ከዚያ እስከ ሱሉልታ ሜዳ ስናዘግም ያሰብኩት እነዚህ መኪኖች ከየት እንደመጡና መቼ እንደሚሄዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም ተልከዋል፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ናት። እዚያ የጭስ ምርመራ የማያልፈው እዚህ አዲስ ተብሎ ይሸጥ ነበር። እኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዓለም ላይ ይህን ቀድሞ ያደረገ አገር አልነበረም። ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ነው፣ ናፍጣው ግን በዶላር ይገዛል።

ግን ውሳኔው በቅድሚያ የሚደርሰው አዲስ መኪና መግዛት ለሚችለው ነው። የዛሬው የአውቶቡስ ተራ ጭስ ከነገው መኪና አይመጣም፤ አስቀድሞ ከገባውና ምትክ ለመግዛት አቅም ያጣው ባለንብረት እየጠጋገነ ከሚያሠራው ነው። አዲሱ በተወደደ መጠን አሮጌው ዕድሜው ይረዝማል። የባለጸጋው መኪና ቦሌ ላይ ያለ ጭስ ይሄዳል፤ የገበሬው አውቶቡስ መርካቶ ላይ እየጨሰ ይቀራል። ገንዘቡ፣ ብድሩና ከቀረጥ ነጻው መጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው ወደ አውቶቡስ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ አውቶቡስ ሲቀየር ስድሳ ተሳፋሪና አጠገቡ የቆመ ሌላ መቶ ሰው የሚተነፍሰው ጭስ ይወገዳል።

ይህን መንገድ የሄዱ አሉ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የዴልሂ የሕዝብ አውቶቡሶች ሁሉ ከናፍጣ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ አዘዘ። ሾፌሩም ባለንብረቱም ተቃወመ፣ በየማደያው ረጅም ሰልፍ ሆነ፤ በ2002 መጨረሻ ግን ተፈጸመ። የዴልሂ አየር ዛሬም መጥፎ ነው፤ የመኪናው ቁጥር በዝቷል፣ ገለባው ይቃጠላል፣ ግንባታው አቧራ ያስነሳል። ጥቁር ጭስ የሚተፋው የከተማ አውቶቡስ ግን ከመንገዱ ወጥቷል። ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ እንደ እኛ ከፍ ያለች፣ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት፤ 2,240 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ከዓለም ከተሞች ሁሉ አየሯ የከፋ ብሏት ነበር። ከተማው ውስጥ የነበረውን የነዳጅ ማጣሪያ በ1991 ዘጉት፣ የመኪና ጭስ ምርመራን ጥብቅ አደረጉት፣ በ2005 አውቶቡሶቿ በራሳቸው መስመር መሄድ ጀመሩ። ሰማይዋ እንደ ቀድሞው አይደለም። እኛም ብንሆን አንድ ጊዜ አድርገነዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር በተደረሰ ስምምነት መሠረት ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እስከ 2006 መጀመሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተዉ። የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ከየማደያው ሲጠፋ በዓል አልተደረገም፤ ብዙዎቻችን መጥፋቱንም አላወቅንም። እርሳሱ ግን ቀርቷል።

ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፈን ፍቼ ስንገባ ፀሐይዋ ሞቃለች። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ዕቃ ሲያወርድ ሾፌሩ መሪው ላይ ክንዱን ጣል አድርጎ ቆየ። ሽበት የጣለ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ንጋት ላይ የሚነሳ ሰው ዓይን። ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነው።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እዚህስ ለምን አያጠፉትም?»

«እዚህ አጠፋዋለሁ፤ ያቺን ቁልቁለት አየሃት? እዚያ ላይ አቆመውና አጠፋለሁ፤ ስመለስ በገፋ አስነሳዋለሁ። አውቶቡስ ተራ ግን ከፊቴም መኪና፣ ከኋላዬም መኪና። ወዴት ይገፋል?»

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተበልቷል። ባትሪውም የሌሊቱን ብርድ አይችልም፤ ጠዋት ጠዋት ረዳቱ ገመድ ይዞ ቀድሞ ከተነሳው አውቶቡስ ኤሌክትሪክ ይበደራል። ያበደረው ለሌላም ስለሚያበድር አያጠፋም፤ የተበደረው ደግሞ ቢያጠፋ ተመልሶ ሌላ ብድር ውስጥ መግባቱ ነው። አንዱ አንዱን እያስነሳ ግቢው ሁሉ ሳይጠፋ ይቆያል። ይህን ሁሉ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ በተረጋጋ ድምፅ ነው ያስረዳኝ። ጭሱን የሚተነፍሰው ከሁላችንም በላይ እሱ ነው፤ እኔ በአንድ ንጋት ያየሁትን እሱ ዕድሜውን ሙሉ ኖሮበታል።

ለዓመታዊው ምርመራ ሲሄዱ እንዴት እንደሚያልፍ ጠየቅሁት። ቦሎ ሲደርስ ኖዝሉ ይጸዳል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ ያልፋል አለኝ። «ከዚያ እስከ ዓመቱ ማን ያየዋል? ባለንብረቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሞተሪኖው ዋጋ አይደለም የሚከብደው፤ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ቆሞ የሚውልበት ቀን ነው።»

መኪናዎቹ በየማኅበራቸው የታቀፉ ናቸው፤ ማኅበሩ ስምሪት ይከታተላል፣ ተራ ያስከብራል። ማኅበሩ መለዋወጫ ሞተሪኖ ቢያስቀምጥስ፣ አንዱ ሲታደስ ሌላው ይገጠም ነበር አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ሐሳቡን አልጠላውም። ከዚያ ትንሽ አሰበና የራሱን አመጣ።

«አንድ ነገር ልንገርህ የኔ ወንድም። መናኸሪያው ውስጥ ባትሪ የጫነ ጋሪ የሚገፉ ሁለት ልጆች ቢኖሩ፣ ስንሞላ እየዞሩ የሚያስነሱን፣ እኔ የመጀመሪያው ሆኜ አጠፋዋለሁ። በነጻ አይደለም፤ ለጎማ ንፋስ የምንከፍለውን ያህል እንከፍላቸዋለን።»